አዲሱን ታንክ እንዴት እናስረጀው?

ተገጣጥሞ ያለቀና አንድ ወጥ አረንጓዴ የተቀባ የፕላስቲክ ሞዴል ታንክ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ መጫወቻ ነው የሚመስለው። ታንክ የሚያስመስለው ቆሻሻው ነው። አቧራው፣ የናፍታ ፍሳሹ፣ ወታደር ሲወጣና ሲወርድ የላጠው ቀለም።

እኔ አዳማ ውስጥ በመኪና ቀለም ቀቢነት ነው የምተዳደረው። ቀን ቀን ሰው ጭረት ይዞ መጥቶ «አጥፋልኝ» ይለኛል። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ጭረት እሠራለሁ። የሰፈራችን ልጅ አንድ ቀን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ለምን አያጥቡትም?» ብሎኛል። ከዚያ የበለጠ ሙገሳ አላውቅም።

የማሳያችሁ በ1/35 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሶ፣ በተሠራው የጃፓኑ ሞዴል አምራች የታሚያ ቲ-55 ታንክ ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ያመጣው ነው፤ ሌላ መንገድ ያላችሁ ታድላችኋል። ቲ-55ን የመረጥኩት ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የሶማሊያ ጦር ይዞት መጣ። የእኛ ጦር መጀመሪያ ላይ የነበሩት አሜሪካ ሠራሾቹ ኤም-41 እና ኤም-47 ሲሆኑ፣ ኋላ ከሶቪየት ኅብረት ቲ-55 ደረሰው።

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ታንኩ የት ነበር? በየትኛው ወቅት? ጅጅጋ አካባቢ በበጋ ሲነዳ የሰነበተ ታንክ ደረቅ አቧራ ይለብሳል። ክረምት ላይ ማሳ አቋርጦ የወጣ ታንክ ሆዱ ጭቃ ነው፣ አናቱ ግን በዝናብ ታጥቦ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የተማረውን ዘዴ ሁሉ አንድ ታንክ ላይ ያራግፈዋል። ዝገትም፣ ጭቃም፣ አቧራም፣ ጭረትም። ውጤቱ ከቆሻሻ ገንዳ የወጣ ነገር ነው። እያንዳንዱን ምልክት ስትሠሩ «ይሄን ምን አመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላችሁ አትሥሩት።

ለዚህ ደግሞ አዳማ ትምህርት ቤት ናት። የጅቡቲ መንገድ በከተማችን ያልፋል። ከአፋር በረሃ የመጣ ከባድ መኪና ቆሞ ካያችሁ ሄዳችሁ ዙሩት። አቧራው የት ላይ ወፈረ? ከጎማው ኋላና ከታች ነው። የት ላይ የለም? ሾፌሩ የሚረግጠው ደረጃ ላይ፣ እጅ የሚይዘው እጀታ ላይ። ዝናብ ሲነካው ከቡሎኑ ሥር እንዴት መስመር ሠርቶ እንደወረደ አስተውሉ። መንገድ ሥራ ላይ ያለ ዶዘር ካገኛችሁ ሰንሰለቱን ፎቶ አንሱ፣ ኦፕሬተሩን ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ሁለተኛው ነገር ልኬት ነው። የእውነተኛው ቲ-55 ቀፎ፣ ማለትም መድፉ ሳይቆጠር ዋናው አካሉ፣ 6.45 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ1/35 ከ18 ሴንቲሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ እናንተ የምትሠሩት 1 ሚሊሜትር ልጣጭ በእውነተኛው ታንክ ላይ 3.5 ሴንቲሜትር ነው። 3 ሚሊሜትር ከሆነማ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ቀለም ተገሸለጠ ማለት ነው። ያን ያህል የተላጠ ታንክ ምን እንደመታው ማስረዳት ይኖርባችኋል። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ትንሽ ነገር ላይ ትክክለኛው አረንጓዴ ጠቁሮ ይታያል። እኔ አረንጓዴው ውስጥ የታሚያን ኤክስ ኤፍ-57፣ ያንን የገለባ መልክ ያለውን ቀለም፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አነጣዋለሁ። ፀሐይ የሚመታውን አናቱን ደግሞ ከጎኑ ትንሽ ይበልጥ አነጣለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባውን፣ ቀቡ፣ ይድረቅ፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ከዚያ ቀለም የሚላጥበት ቦታ ላይ ቀይ ቡናማ፣ ኤክስ ኤፍ-64፣ ቀቡ። ይህ ከላዩ ቀለም ሥር ያለው ፀረ ዝገት ነው። እሱ ሲደርቅ የሴቶች ፀጉር ቤት ያለውን ስፕሬይ ውሰዱና በስሱ ሁለቴ ንፉበት። አዎ፣ ፀጉር የሚያደርቀውን ስፕሬይ። ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል ግን እንዳትነፉ፣ እሳት ይይዛል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አረንጓዴውን በላዩ ቀቡ። ይህኛውን በቲነር ሳይሆን በውሃ አቅጥኑት፣ አለበለዚያ ኋላ አልላጥ ይላል።

አረንጓዴው እንደደረቀ፣ በዚያው ቀን፣ የምትልጡትን ቦታ ለብ ባለ ውሃ አርጥቡና ትንሽ ጠብቁ። ውሃው ሰርጎ ከሥር ያለውን ስፕሬይ ያሟሟዋል። ከዚያ ፀጉሩ አጠር ባለ ጠንካራ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ። ቀለሙ ራሱ በገዛ ቅርጹ ይነሳል፤ ሰው በእጁ ሊሥለው የማይችለው ዓይነት ቅርጽ ነው። ቀጭን ጭረት ከፈለጋችሁ በስቴክኒ ጫር አድርጉት። የት? የመግቢያ ክዳኖቹ ጠርዝ ላይ፣ ወታደሩ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ፣ የመሣሪያ ሳጥኖቹ ማዕዘን ላይ። ማንም የማይደርስበትን የጎን ብረት ለምን ትልጡታላችሁ?

የተላጠውን በብር ቀለም የሚሞሉ አሉ። እኔ አልወደውም። የታንክ ብረት አየር ሲያገኝ ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል። የሚያበራው በየቀኑ የሚፋተግ ቦታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ክሊር ቫርኒሽ ቀብታችሁ ቁጥሮቹን ለጥፉ፣ እና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። አትቸኩሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተርፐንታይን ነው። ቫርኒሹ በደንብ ካልደረቀ ቀለሙን ይበላዋል።

ዋሽ የሚባለው ሥራ እንዲህ ነው። ለሰዓሊዎች በቲዩብ የሚሸጠውን የዘይት ቀለም፣ ጥቁር ቡናማውን፣ ከጥቂት ጥቁር ጋር ቁራጭ ካርቶን ላይ አውጡ። ካርቶኑ ዘይቱን ይመጠዋል። ያ ጥሩ ነው፤ ዘይቱ የቀነሰ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ አያብረቀርቅምም። ከዚያ በተርፐንታይን የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በጥብጡት። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ቡሎኑን ወይም የብየዳውን መስመር ብቻ ንኩ። ፈሳሹ ራሱ ዙሪያውን ይሄዳል። ታንኩን በሙሉ አትንከሩት! የተረፈውን ከሩብ ሰዓት በኋላ ተርፐንታይን በትንሹ በነካ ንጹሕ ብሩሽ ጥረጉ፤ በቆመ ብረት ላይ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ያ የዝናብ መስመር ይሆናችኋል።

ጋራዥ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ የመኪና ናይትሮ ቲነር ለዚህ አይሆንም። ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። ነጭ ጋዝም አልመክርም፣ ለመድረቅ ይዘገያል፣ ቅባትም ይተዋል።

የቲ-55 ጭንቅላት፣ መድፉን ይዞ የሚዞረው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ቀፎው ግን የተበየደ ዝርግ ብረት። ስለዚህ ጭንቅላቱ ትንሽ ሻካራ መሆን አለበት። ያንን ሻካራነት ለማውጣት ነጣ ያለ አረንጓዴ ብሩሽ ላይ አድርጉ፣ ብሩሹን ጨርቅ ላይ እስኪደርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ጭንቅላቱን በስሱ ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ቀፎው ላይ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ አብሮን ወዳደገው ነገር እንምጣ። አቧራ።

በየአገሩ ያለ ሞዴል ሠሪ በትናንሽ ጠርሙስ የታሸገ የአቧራ ዱቄት በውድ ይገዛል። እኛ በር ስንከፍት ይገባል። አዳማ ዙሪያ የስምጥ ሸለቆ አፈር ነው፤ ነጣ ያለ፣ አመድማ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ። ቀላ ያለ ከፈለጋችሁ ለግንባታ የሚደፋውን ሬድ አሽ ፈልጉ። አንድ ጭብጥ ይበቃል። አሮጌ ብረት ምጣድ ላይ አምሱት፣ እርጥበቱና ሥራሥሩ ይጥፋ። (አሮጌ ምጣድ ነው ያልኩት። እንጀራ የሚጋገርበትን ነክታችሁ ቤት ውስጥ የሚነሳውን ጠብ እኔ አላስታርቅም።) ከዚያ ሙልጭ አድርጋችሁ ፍጩትና በአሮጌ ስቶኪንግ ንፉት። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። እየደጋገማችሁ ንፉ፤ ልኬቱን አትርሱ። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች አሸዋ በዚህ ታንክ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር የሚጠጋ ጠጠር ናት። በጣት መሐል ስታሹት ሻካራ ከሆነ ገና ነው።

አፈራችን ብቻውን አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል። የእውነት አቧራ ግን ድብልቅ ነው። እኔ ሦስት ክምር አዘጋጃለሁ። አንዱ እንዳለ፣ ሁለተኛው ሬድ አሽ የገባበት፣ ሦስተኛው የከሰል ዱቄት በትንሹ የገባበት። ጠቆር ያለው መጀመሪያ፣ ከታች። ነጩ መጨረሻ፣ ከላይ።

ከመጀመራችሁ በፊት ደብዛዛ ቫርኒሽ ቀቡ፤ ዱቄት በሚያብረቀርቅ ነገር ላይ አይቆምም። መስኮትም ዝጉ። ኮረብታው ላይ እነዚያ ሁሉ የንፋስ ተርባይኖች ዝም ብለው አልተተከሉም። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን በደረቁ አስቀምጡት፦ የጎማዎቹ መሐል፣ የፓራፋንጎው ጥግ፣ ከኋላ፣ ሳጥኖቹ ከቀፎው በሚገናኙበት ስንጥቅ። ቆሞ ያለ ብረት ላይ ብዙ አታድርጉ፤ አቧራ ጠፍጣፋና ጥግ ነው የሚወደው። ሲያምራችሁ የብሩሽ ጫፍ ተርፐንታይን ነክራችሁ አጠገቡ ጠብ አድርጉ። ይጠጣዋል፣ ሲደርቅ ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። እርጥቡ ዱቄት ጨልሞ ይታያልና «አነሰ» ብሎ ይጨምራል። አትጨምሩ። ሄዳችሁ ተኙ። ጠዋት ነጥቶ ታገኙታላችሁ፣ ምናልባትም ከምትፈልጉት በላይ። የበዛውን በጆሮ ጥጥ ጥረጉ። በተለይ ወታደር የሚረግጥበትንና የሚቀመጥበትን አጽዱ። አቧራ ታንኩን የሚያሳምረው የሌለበት ቦታ ሲኖር ነው።

ጭቃ ከፈለጋችሁ ያንኑ ዱቄት ከደብዛዛ አክሪሊክ ቫርኒሽና ከጠብታ ውሃ ጋር ለውሱት። አሮጌ ብሩሽ ላይ አድርጋችሁ በስቴክኒ ወደ ጎማዎቹ አስፈንጥሩት። ትኩስ ጭቃ እንዲመስል የፈለጋችሁትን ቦታ ብቻ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንኩት።

ሰንሰለቱን ለብቻው ሠርታችሁ ኋላ ብትገጥሙት ይቀላል። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ከዚያ ዋሽ፣ ከዚያ ዱቄት። መሬት የሚነካውን ጥርሱን በለስላሳ እርሳስ እሹት፣ ልክ እንደ ብረት ያበራል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ጎማዎቹን መሐል ለመሐል የሚመሩት ቀንዶች ይፋቃሉ፣ እነሱንም እሹ። ሰንሰለቱን የሚጎትተው የቲ-55 ነጂ ጥርስ ከኋላ ነው፣ የጥርሱ ጫፍም ማብራት አለበት። ብርቱካናማ ዝገት ሰንሰለት ላይ የሚያበዙ አሉ። ዶዘር ዝናብ ሲመታው አድሮ ሰንሰለቱ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ጠዋት ጥቂት ሲሠራ ግን ያ ሁሉ ይጠፋል። ታንካችሁ እየሄደ ያለ ከሆነ አይዝግ። ሰንሰለቱ በጎማዎቹ አናት ላይ ተኝቶ ረገብ ማለቱንም አትርሱ፣ ይህ ታንክ ከላይ የሚደግፍ ሮለር የለውም።

የቀረው ትንሽ ነው። ማርሚታው በግራ ፓራፋንጎ ላይ፣ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። የቲ-55 ሞተር ባለ 12 ሲሊንደር ናፍታ ስለሆነ ጥቀርሻው ጥቁር ነው። የከሰል ዱቄት በደረቁ፣ ከቀዳዳው ወደ ኋላ እየሳሳ። የማርሚታው ብረት ስስ ስለሆነና ስለሚግል እዚህ ዝገት በነፃነት ተጠቀሙ። በቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ያሉት ሳጥኖች የነዳጅ ታንከሮች ናቸው። ክዳናቸው አጠገብ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ከሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጋር ቀላቅላችሁ አንድ ሁለት ፍሳሽ አውርዱ። ናፍታ የፈሰሰበት ላይ አቧራ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ከፍሳሹ አጠገብ ጥቂት ዱቄት ነስንሱ።

ዱቄቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ቫርኒሽ አትንፉበት። ያጠቁረዋል፣ የደከማችሁበት ነጭ አቧራ ይጠፋል። ታንኩን ከሆዱ ያዙት፣ ከላይ አትንኩት። ሣጥን ወይም መስታወት ክዳንም አብጁለት። ያለዚያ የአዳማ አቧራ በራሱ ጊዜ ይጨምርበታል፣ እሱ ደግሞ በስቶኪንግ አልተነፋም።