ያረጀ ውሻችሁ ሌሊት አልተኛ ሲል

ቋ... ቋ... ቋ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የመቻል ጥፍር ሲሚንቶው ላይ ይሰማኛል። እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ሊተኛ ጎንበስ ይላል፣ ይተወዋል። እንደገና ቋ... ቋ...

መቻል ውሻችን ነው፤ 13 ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ደሴ ውስጥ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ጠጋ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ የጠረጠርነው ጅብ ነበር። «ሸቶት ነው» ብለን ተኛን። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «አርጅቷል እኮ ልጆቼ፣ ምን ታደርጉታላችሁ» አሉን። ሁለቱም መልስ እኛን ለወራት አስተኛን። እሱን ግን አላስተኛውም።

«አርጅቷል» ምክንያት አይደለም። ያረጀ ውሻ የሚቁነጠነጠው አንድ ነገር ስለቸገረው ነው። ያ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስም አለው። ስሙን ለማግኘት መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። ስንት ሰዓት ይነሳል? ከመነሳቱ በፊት ምን ሆነ? ምን ሲያገኝ ይረጋጋል? ሦስት ሌሊት ደብተር ላይ ጻፉት፣ በስልክም ቅረጹት። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጭራውን እየቆላ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም «ደህና ነው እኮ» ትባላላችሁ። ያኔ ቪዲዮው ያወጣችኋል።

እስኪነጋ የማይጠበቁት

ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም የማይወጣው ውሻ ነው። ጨጓራው ተነፍቶ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ትልልቅና ደረታቸው ጠለቅ ያሉ ውሾች ላይ ይከሰታል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪም ደውሉ።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ውሻ ዛሬ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያለ ነገሩ ከተናከሰ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃተው «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። ሰውና እንስሳ እንዳይደርስበት ዘግታችሁበት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ነገ የለም። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። «አርጅቷል፣ ከእንግዲህ ምን ክትባት ያስፈልገዋል» የምትሉ ካላችሁም ተዉት፤ ያረጀውም ይከተባል።

ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይዞራል

የመቻል ችግር ይሄ ነበር። ምክንያቱ መገጣጠሚያ ነው። ዳሌውና ጉልበቱ ላይ ያለው ልም አጥንት ከዕድሜ ጋር ያልቃል፣ መተኛትም መነሳትም ያማል። አመቺ ጎን ፍለጋ ይዞራል፤ ያገኘው ጎን ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ያመዋል።

ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮህም። ሌላውን እዩ። ሲነሳ በፊት እግሮቹ ተስቦ የኋላውን ይጎትታል ወይ? እግሩን አንስቶ መሽናት ትቶ ቁጢጥ ማለት ጀምሯል? ጠዋት ግትር ብሎ፣ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ይፍታታል? ከነዚህ ሁለቱ ካሉ መገጣጠሚያውን ጠርጥሩ።

ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእኛ ለባለ ብርድ ልብሶቹም አይራራም። እኛ ደግሞ ባለፈው ዓመት ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ አስደረግነው። ጭቃው ቀረልን፣ አማረብን። መቻል ሌሊት መዞር የጀመረው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ያወቅነው ቀኑን ወደኋላ ስንቆጥር ነው። እሱ አፈሩ ላይ ጉድጓድ ምሶ፣ ጥቅልል ብሎ የሚያድር ነበር። አልጋውን ነው ያፈረስንበት።

መፍትሄው ብዙ ወጪ የለውም። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የጣውላ ርብራብ፣ ከላዩ ጭድ የተሞላ ጆንያ። ብርድ ልብስ የተሻለ ይመስላል፣ ግን በክረምቱ ጉም እርጥበት ይዞ ያድራል። ጭዱን በየሁለት ሳምንቱ ለውጡት፤ አለዚያ የቁንጫ ሰፈር ይሆናል። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቆርቆሮ አቁሙ። ደሴ ላይ ውሻ ቤት እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። በዚህ ከማንም ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ ዝናብ የማይነካው የበረንዳ ጥግ ይበቃል።

ያ «ቋ ቋ» ራሱ ምልክት ነበር። መራመድ የቀነሰ ውሻ ጥፍሩ አይበላለትም፤ ይረዝምና አረጋገጡን ያበላሽበታል። በየጊዜው ጫፍ ጫፉን ቁረጡ። ውስጡ የደም ስር ስላለ ጠልቃችሁ አትግቡ። በቀን ሁለቴ አጭር የእግር ጉዞ፣ አፈር ላይ። ወፍራም ከሆነ ምግቡን ቀንሱ፤ እያንዳንዱ ኪሎ ጉልበቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። አንድ ሌሊት አሳዘነኝና ለራሴ ጀርባ የምወስደውን ዲክሎፌናክ በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ተኛ፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ አስመለሰው፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጨጓራው እየደማ ነበር። ሐኪም ደርሶለት ተረፈ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል፦ ለእኛ የተሠራ ማስታገሻ ለውሻ ጨጓራ፣ ጉበትና ኩላሊት መርዝ ሊሆን ይችላል። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ። መጠኑ ግን በሐኪምና በኪሎው ነው የሚታወቀው።

ጥግ ላይ ቆሞ ግድግዳ ያያል

ቀን ሙሉ ተኝቶ ሲመሽ የሚነቃ፣ ያለ ምክንያት የሚያላዝን፣ የሚያውቀውን ሰው እንደ እንግዳ የሚያይ ውሻ አእምሮው እየደከመ ሊሆን ይችላል። እኔ የምወደው መለያ የበሩ ነው፦ ዕድሜ ልኩን የወጣበትን በር በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። በሩ በሌላው በኩል ይከፈታል፣ እሱ ማጠፊያውን ያያል። ይህ ስንፍናም እልህም አይደለም። አእምሮው ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር በሰው ልጅ አልዛይመር ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንዱን ምልክት እንዳሳዩ አግኝቷል። ብቻችሁን አይደላችሁም።

አይድንም፤ ይቀልላል ግን። ምግቡን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ስጡት። ዕቃ አታዘዋውሩበት። ሌሊት ትንሽ አምፖል ይብራለት። ቀን ሲያንቀላፋ ቀስቅሱትና ግቢውን አዙሩት፤ ቀን የተኛውን ያህል ነው ሌሊት የሚነቃው። ሰንሰለቱን ፍቱለት። የሚዞር ውሻ ሰንሰለቱን ምሰሶው ላይ ጠምጥሞ አንገቱን አንቆ ያድራል። ደግሞ አትምቱት፤ ለምን እንደተመታ አያውቀውም።

አንገቱ በድንገት ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዓይኑ እየተንቀጠቀጠ የሚወላገድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ብዙዎቹ ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ይሻላቸዋል። ሐኪም ይየው።

ጅብ ሲጮህ ዝም የሚል

ድሮ ከጦሳ በኩል ጅብ ሲጮህ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ውሻ አሁን ጆሮውን ካላነሳ፣ መስማት ቀንሷል። ሲመሽ ከባልዲ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ዓይኑ ነው። የማይሰማና የማያይ ውሻ ሌሊት ይፈራል፣ ስለዚህ ይዞራል። በፊት ለፊቱ ቅረቡት፣ መሬቱን በእግራችሁ መታ አድርጉ። ልጆች ተኝቶ እያለ እንዳይነኩት ንገሯቸው፤ በድንጋጤ ይነክሳል።

ውሃ አይጠግብም፣ ሽንት አይይዝም

ለኩት። ጠዋት በሃይላንድ ለክታችሁ ስጡ፣ በማግስቱ የተረፈውን ቀንሱ። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ፣ ማለትም 15 ኪሎ ውሻ ከ1 ሊትር ተኩል ካለፈ፣ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ይመርመር። ሴት ከሆነችና ካልመከነች፣ ወንድ ፈልጋ ከነበረ ከሳምንታት በኋላ ውሃ ካበዛችና ካኮረፈች፣ ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል ቀን አትስጡት። ሌሊት እንዳይሸና ብላችሁ ውሃውን አታንሱ። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ውሃ ከተከለከለ ይብስበታል። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊም ያስጠማል። ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ ደም ጠላት ነው፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት መቼ ይሠራል?

ጋደም ማለት ይፈራል፣ ያስላል

ልብ ወይም ሳንባ። ድብን ብሎ ሲተኛ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። በየሌሊቱ ከ30 በላይ ከሆነ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ

ወንድሜ እዚያ ነው የሚኖረው። የእሱም ውሻ አሮጊት ናት፣ እሷም አትተኛም። የመቻልን ጭድና ርብራብ ብሠራላት ምንም አልለወጠም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ናት። ውሻዋ የምትነሳው ለማከክ ነበር። ጆሮዋ ውስጥ፣ ጣቶቿ መካከል፣ ጭራዋ ሥር መዥገር፤ ወገቧ ላይ ቁንጫ። ያረጀ ውሻ ራሱን አጎንብሶ ማጽዳት ስለሚያቅተው ይከማችበታል። ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ተጠቀሙ። ለከብት የሚረጨውን በግምት መርጨት፣ የከብት አይቨርሜክቲን በግምት መውጋት ውሻ ይገድላል። መኝታዋንም ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ለቀኑ ሙቀት ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ።

«ውሻ ደግሞ ምን ሐኪም አለው» የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ አለ፣ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ኮምቦልቻ ላይ አለ። ጠይቁ።

መቻል አሁንም 9 ሰዓት ላይ ይነሳል። አንዴ ወጥቶ ይሸናል፣ በሩን ያሸታል፣ ተመልሶ ጆንያው ላይ ጥቅልል ይላል። ጭዱ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ።