«አንተ ይዘኸዋል ብዬ ነው እኮ!»፦ ለባልና ሚስት የደቡብ አውሮፓ ጉዞ መመሪያ

ከጣሊያን፣ ከስፔን ወይም ከግሪክ ዕረፍት የተመለሱ ባልና ሚስት ቤት ገብተው እየሳቁ የሚያወሩት ነገር፣ እዚያ ሳሉ ያኳረፋቸው ነው። ባቡር አመለጠ፣ መኪናው ተቀጣ፣ አንዱ ጣቢያ ላይ ቀረ። ምንጩ ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም፤ እሱ «እሷ አይታዋለች»፣ እሷ «እሱ ይዞታል» ብለው መተማመናቸው ነው። ስለዚህ ሻንጣ ከመዘጋጀቱ በፊት ሥራ ይከፈል፦ አንዳችሁ ሰዓትና ቦታ ማስያዝ፣ ሌላችሁ መንገድና ወጪ። ፓስፖርት፣ የዕለቱ ትኬትና 50 ዩሮ ግን እያንዳንዳችሁ በየኪሳችሁ ያዙ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ቬኒስ ላይ ይታያል። ከተማዋ ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች አሏት፦ ሜስትሬ በየብሱ በኩል፣ ሳንታ ሉቺያ ደግሞ በውሃው መሃል። «ቬኔዚያ» የሚል ጽሑፍ ያየ አንዱ ሜስትሬ ላይ ሻንጣ ይዞ ሲወርድ፣ ሌላው ባቡሩ ውስጥ ይቀራል። ቀድማችሁ ተስማሙ፦ የወረደው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ባቡሩ ላይ የቀረው በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለታችሁም ከተፈላለጋችሁ ትተላለፋላችሁ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ቪዛው ላይ ጊዜ አጥፉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የኢትዮጵያውያን የሸንገን (አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት) ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ተመላልሶ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተወስኗል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ በጊዜ ግቡ። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። የእኛ ሚስቶች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ፓስፖርቱ ባልና ሚስት መሆናችሁን አይናገርም፤ የተተረጎመ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያይዙ።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ትልቁ ወጥመድ ጀልባ ነው። ከስፔኗ ታሪፋ ሞሮኮ ታንጀር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከኮርፉ ደሴትም የአልባኒያዋ ሳራንዳ በዓይን ትታያለች። «ደርሰን እንመለስ» ብላችሁ ከተሻገራችሁ ቪዛው አለቀ፤ ሻንጣችሁ ሆቴል፣ እናንተ ማዶ። ቫቲካንና ሳን ማሪኖ ግን ከጣሊያን ሲገቡ የድንበር ፍተሻ የለባቸውም።

ሰዓት ያዡ ይህን ያስላ፦ ትኬት ላይ ከተጻፈው 6 ይቀነስ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ሌላ 12 ይቀነስ። 14፡30 ከቀኑ 8፡30 ነው፣ 20፡00 ደግሞ ከምሽቱ 2። ዓርብ 00፡15 የሚል የአውሮፕላን ትኬት ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ማለት ነው፤ ዓርብ ማታ ሻንጣ እየጎተተ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም። ከአሜሪካ ለምትሄዱ፣ አውሮፓ ውስጥ ቀን ከወር ይቀድማል፤ 05/06 እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ነው፣ ግንቦት 6 አይደለም። በስፔኗ ግራናዳ ያለው የጥንት ቤተ መንግሥት፣ አልሐምብራ፣ ትኬቱ ላይ የጎብኚው ስም ይጻፍበታል፣ የናስሪድ ቤተ መንግሥት መግቢያ ሰዓቱም ይወሰናል። ሰዓቱ ካለፈ አትገቡም፤ ፓስፖርትም ይጠየቃል።

መኪና መከራየት ካሰባችሁ የክሬዲት ካርዱ ስምና የነጂው ስም አንድ ይሁን። እሷ ነድታ እሱ ቢከፍል ቁልፉ ላይሰጣችሁ ይችላል። ጣሊያን ውስጥ ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ፒሳን በመሳሰሉት ከተሞች መሃል መግባት የተከለከለባቸው ክልሎች አሉ፦ ነጭ ሰሌዳ በቀይ ክብ፣ ሥሩ ካሜራ። «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ብርሃን ካለ ክልከላው እየሠራ ነው፤ «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ካለ ማለፍ ይቻላል። ካሜራው አያስቆምም፤ የምታውቁት በኋላ ነው። አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ በመስጠቱ ብቻ ያስከፍላችኋል፣ ቅጣቱ ደግሞ ለብቻው ይመጣል። ወረቀቱ በደረሰ በ5 ቀን ከተከፈለ 30 በመቶ ይቀነሳል። ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ሰሌዳ ቁጥሩን እንዲያስመዘግብላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ደውሉ።

ነዳጅ ማደያ ላይ ቃሉ ያሳስታል፦ በጣሊያን «ጋዞሊዮ»፣ በስፔን «ጋዞሌዮ» ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን የሚፈልግ ሰው ግን «ጋዝ» የሚለውን ሰምቶ ይስባል። ምልክቱን እመኑ፦ ቤንዚን በክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10፣ ናፍጣ በአራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7። ከተሳሳታችሁ ሞተር አታስነሱ፤ ሳይነሳ ባለሙያ ከተጠራ ጋኑን ማጠብ ይበቃል፣ ከተነሳ ነዳጁ ወደ ፓምፑ ይገባል።

ቧንቧ ላይ «ሲ» የሚለው የላቲን ፊደል በጣሊያንም በስፔንም ሙቅ ነው፤ «ኤፍ» ቀዝቃዛ። በአሜሪካ ልማድ የከፈተ ይቃጠላል። ቡና ቤት «ላቴ» ካላችሁ ባዶ ወተት ይቀርባል፤ የጣሊያን ማኪያቶም በትንሽ ስኒ የወተት ጠብታ ያረፈበት ኤስፕሬሶ ነው። የአዲስ አበባውን የሚመስላችሁን ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ በሉ፤ ቆማችሁ ከጠጣችሁም ከመቀመጥ ይረክሳል።

ግሪክ ለእኛ ልዩ ናት፤ ግራ የምታጋባውም በዚያው ልክ ነው። እኛ ቅንድብ ቀና አድርገን ትንፋሽ ሳብ ስናደርግ አዎ ነው፤ እነሱ ቅንድብና ራስ ቀና ካደረጉ አይሆንም ማለት ነው። «ኔ» አዎ፣ «ኦሂ» አይ። ጾመኛ ከሆናችሁ «ኒስቲሲሞ» በሉ፣ የጾም ማለት ነው፤ ግን በእነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ፤ «ታራሞሳላታ» የሚባለውም የዓሣ ዕንቁላል ነው። ትልልቅ ነጭ ቦሎቄ ለምትፈልጉ «ጊጋንቴስ»፣ ወጥ መሰል አተር ክክ ለምትወዱ ደግሞ «ፋቫ» አለ።

ወደ ደሴት ስትሄዱ ትኬቱ ላይ የወደቡን ስም አንብቡ፤ ከአቴንስ ጀልባ የሚነሳው ከፒሬየስ ብቻ ሳይሆን ከራፊናና ከላቭሪዮም ነው። ፒሬየስ ከኢ1 እስከ ኢ12 በሮች አሉት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሻንጣ የሚሮጥበት አይደለም፤ በሩን ማታውኑ አጣሩ። በሐምሌና ነሐሴ «ሜልቴሚ» የሚባል ብርቱ የሰሜን ነፋስ ሲነሳ የወደብ ባለሥልጣን ጀልባዎችን ያግዳል። ስለዚህ ከደሴት የምትመለሱት በረራው ካለበት ቀን በፊት ባለው ቀን ይሁን።

ነጠላ አትርሱ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት የተገለጠን አያስገባም፤ በር ላይ ከመመለስ፣ ከቦርሳ አውጥቶ መልበስ። እሱም ቁምጣ ለብሶ ከመጣ አንዱን ጠምጥሞ ይገባል፤ ሁለት ያዙ።