ከጎብኚነት ወደ ተማሪነት፦ አሜሪካ ሆኖ መቀየር ወይስ አገር ቤት ገብቶ ማመልከት?

እህቱን ሊጠይቅ ወይም የዘመድ ምረቃ ላይ ሊገኝ በቢ-2 የጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ገብቶ፣ እዚያው ልማር የሚል ሰው ብዙ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ አሜሪካ እንዳሉ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለዩኤስሲአይኤስ አመልክቶ ወደ ተማሪነት መዞር ነው። ሌላው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርቦ፣ የኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ አስመትቶ እንደገና መግባት ነው። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። የሚሰጧችሁ ነገር ግን አንድ አይደለም።

አብዛኛው ሰው "የቱ ይረክሳል? የቱ ይፈጥናል?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትመልሱ እፈልጋለሁ፦ ትምህርቱ ሳያልቅ አገር ቤት መሄድ ይኖርብኛል ወይ? እናት ልትታመም ትችላለች፣ ወንድም ሊያገባ ይችላል፣ ለቅሶም አለ። የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ምርጫውን የሚወስነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያደርሳችሁ እስከ መግቢያው በር ብቻ ነው። ከገባችሁ በኋላ በምን ሁኔታና እስከ መቼ እንደምትቆዩ የሚወስነው በሩ ላይ ያለው መኮንን ነው። ውሳኔው አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ስታተስ የሚባለው ይህ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ስትቀይሩ የሚቀየረው ስታተሱ እንጂ ቪዛው አይደለም። ተማሪ ሆናችሁ ሁለት ዓመት ተምራችሁ ለእረፍት አዲስ አበባ ከገባችሁ፣ ለመመለስ ኤምባሲ ቀርባችሁ ኤፍ-1 መጠየቅ አለባችሁ። ያን ጊዜ የሸሻችሁት ቃለ መጠይቅ ይጠብቃችኋል። ቆንስሉ ደግሞ "ለጉብኝት ብለሽ ሄደሽ እንዴት ተማሪ ሆንሽ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መጀመሪያ አይ-94ን አውጡ

የድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው አስገቡ። የእኛ ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል፤ የአባትና የአያት ስም የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደገባ ፓስፖርቱን ገልጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ካልወጣ የስሞቹን ቦታ ቀያይራችሁ ሞክሩ።

ከሚወጣው ገጽ ላይ የምትፈልጉት የመቆያችሁን የመጨረሻ ቀን ነው። ለጎብኚ ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። "ቪዛዬ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል" የሚል ሰው ያሳዝነኛል፤ የቪዛው ቀን መቆያችሁን አይነግራችሁም። አይ-94 ላይ ያለው ቀን ሲያልፍ ስታተስ ያበቃል፤ ቪዛውም ዋጋ ያጣል። ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ 10 ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ስለዚህ ቀኑ ካለፈ ከዚህ በታች ያለውን ትታችሁ ቀጥታ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ። ጠበቃ ሳታዩ አትውጡ፤ እገዳው የሚጀምረው ስትወጡ ነውና።

መቀየር የማይችል ማን ነው?

በትራንዚት የገባ፣ በበረራ ወይም በመርከብ ሠራተኛነት የገባ፣ በእጮኛ ቪዛ የገባ፣ የአውሮፓ ፓስፖርት ይዞ ያለ ቪዛ በኢስታ (በኢንተርኔት በሚጠየቀው የጉዞ ፈቃድ) የገባ። ይሄ የመጨረሻው ስዊድን ወይም ጀርመን ዜግነት ያላቸውን ሐበሾች ይነካል። ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ ያለበት የጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ ባለቤትም ወደ ተማሪነት መዞር አይችልም። እነዚህ ያላቸው መንገድ መውጣት ብቻ ነው።

አይ-20

ሁለቱም መንገዶች የሚነሱት ከዚህ ነው። የውጭ ተማሪ ለመቀበል ፈቃድ ካለው ትምህርት ቤት ቅበላ ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ታሳያላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን የተማሪነት ማረጋገጫ ቅጽ ይሰጣችኋል። ከዚያ የሴቪስ (የመንግሥቱ የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ አለ፤ 350 ዶላር ነው። ስታመለክቱ ለትምህርት ቤቱ የትኛውን መንገድ እንደመረጣችሁ ንገሩት፤ አይ-20ው የሚዘጋጀው በዚያው መሠረት ነው።

ሰነድ ላይ ጊዜ ስጡ። በአማርኛ ያለ ማንኛውም ወረቀት ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞ ያረጋግጣል። ቀኖቹን ደግሞ እዩልኝ። የቤት ካርታው ላይ 2012 የሚለው ዓመተ ምሕረት ሳይገለበጥ ከተተረጎመ፣ አንባቢው መኮንን በፈረንጆቹ ነው ብሎ ይወስደዋል። አንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ጥርጣሬው በእናንተ ላይ ነው የሚያርፈው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመቶች ግን የፈረንጅ ናቸው።

አሜሪካ ሆኖ መቀየር

የሚሞላው ቅጽ አይ-539 ነው። ከ2024 ሚያዝያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ታሪፍ በኢንተርኔት 420፣ በወረቀት 470 ዶላር ነው። በኢንተርኔት ማስገባቱ ይሻላል። ከ2025 ጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ዩኤስሲአይኤስ በወረቀት ለሚገባ ማመልከቻ ቼክና መኒ ኦርደር መቀበል አቁሟል፤ በካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ነው የሚከፈለው። ማመልከቻው መድረስ ያለበት አይ-94 ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ነው። የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ።

ከቅጹ ጋር ሐሳባችሁን የሚያስረዳ ደብዳቤ አያይዙ። ኮፒ የተደረገ ደብዳቤ አይሁን። ስትመጡ ምን ለማድረግ እንደመጣችሁ፣ ከመጣችሁ በኋላ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን ይህን ትምህርት እንደመረጣችሁ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ከትምህርቱ በኋላ አገር ቤት ምን እንደሚጠብቃችሁ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ። እውነቱን ብቻ። ገና ሻንጣ ሳይፈታ ያመለከተ ሰው ቪዛውን ሲጠይቅ ሐሳቡን ደብቋል ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ገና ቪዛ ያልጠየቀና ትምህርት ቤት ለማየት የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ይህንኑ ለቆንስሉ በግልጽ ይናገር፤ ቪዛው ላይ ሊጻፍለት ይችላል፣ በኋላም ይጠቅመዋል።

አሁን የሚከብደው ክፍል መጣ፤ መጠበቁ። መልስ ለማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስኪፈቀድ ድረስ ክፍል መግባት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ "ችግር የለም፣ ጀምሪ" ቢላችሁ እንኳ አትጀምሩ፤ በጎብኚነት መማር የስታተስ ጥሰት ነው፣ ማመልከቻውን ያበላሻል። ሥራማ አይታሰብም። ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን ከደረሰ ትምህርት ቤቱ አይ-20ውን ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር እንዲያሻግር ጠይቁ። ቀድሞ በመሃል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ሌላ የማራዘሚያ ማመልከቻ ይጠየቅ ነበር፤ ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ያኔ የወጣ ምክር እስካሁን ከሰው ሰው ይተላለፋል፤ ሁለተኛ ክፍያ እንዳትከፍሉበት።

ለመፋጠን ተጨማሪ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል አገልግሎት አለ። አሻራን ጨምሮ የሚፈለገው ሁሉ ከተሟላ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ እርምጃ ይወሰዳል። ይህ ግን መፍጠኑን እንጂ መፈቀዱን አይገዛም፤ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ሊባልም ይችላል።

በመሃል ከአሜሪካ ከወጣችሁ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ለሦስት ቀን ቶሮንቶ ብትሄዱም ያው ነው። ውድቅ ከሆነና አይ-94 ላይ ያለው ቀን ካለፈ ደግሞ ከማግስቱ ጀምሮ ያለ ሕጋዊ ቆይታ መቆጠር ይጀምራል። ከ2025 ወዲህ እንዲህ ላለ ሰው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ መላክ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ሆኗል። በዚያን ቀን ምን እንደምታደርጉ ከማመልከታችሁ በፊት ወስኑ።

ወጥቶ መመለስ

አይ-20ውን ይዛችሁ፣ ቀናችሁ ሳያልፍ ትወጣላችሁ። ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ 185 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ቀጠሮ ትይዛላችሁ። የቀጠሮ ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩት። ከ2025 ሰኔ ወዲህ የተማሪ ቪዛ ጠያቂ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ይጠበቅበታል። ኤፍ-1 ከተሰጣችሁ ትምህርቱ ሊጀመር 30 ቀን ሲቀረው ጀምሮ መግባት ትችላላችሁ።

"ሜክሲኮ ወይም ካናዳ ብቅ ብዬ አስመትቼ ልመለስ" የሚል ሐሳብ ድሮ ይሠራ ነበር። ከ2025 መስከረም ጀምሮ ግን አመልካች በዜግነቱ አገር ወይም በሚኖርበት አገር እንዲያመለክት ነው የሚጠበቀው። ዱባይ ወይም ሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ እዚያ መጠየቅ ይችላል።

አደጋው ግልጽ ነው፦ መከልከል። በቃለ መጠይቁ የስደት ሐሳብ አለህ ተብሎ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም፤ እንደገና ከፍሎ እንደገና መጠየቅ ነው። ከተሳካ ግን ቪዛውም ስታተሱም ገጥመው በእጃችሁ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ይህን ጥቅም ቀንሶታል። በ2025 ሐምሌ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን አብዛኛውን ስደተኛ ያልሆነ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለ3 ወር ብቻ አድርጎታል። ስለዚህ በኤፍ-1 የገባ ተማሪም በየእረፍቱ አገር ቤት ከመጣ እንደገና ቪዛ ሊጠይቅ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ማስታወቂያ ይቀየራል።

እኔን ብትጠይቁኝ

ስኮላርሺፕ ወይም ጠንካራ ስፖንሰር ያለው፣ አገር ቤት ሥራ ወይም ቤተሰብ የሚጠብቀው፣ እስከ ሴሚስተሩ በቂ ጊዜ ያለው ሰው ቢመለስ ይሻለዋል። ቃለ መጠይቁን ፋይሉ ጠንካራ በሆነበት ጊዜ ቢጋፈጠው ይመረጣል። አይ-94 ላይ ብዙ ወር የቀረው፣ ሳይሠራና ሳይማር የሚያኖረው ዘመድ ያለው፣ እስኪመረቅ ላለመውጣት የቆረጠ ሰው ደግሞ እዚያው ይቀይር። ለመቆየት ብቻ ብሎ የቋንቋ ትምህርት ቤት የሚመዘገብ ሰው ግን ገንዘቡንም የወደፊት ዕድሉንም እያቃጠለ ነው፤ መኮንኖቹ ይህን ለይተው ያውቁታል።

ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ቅጽ የሚሞሉ ሱቆች አሉ። መተየብ ይችላሉ፤ የሕግ ምክር የመስጠት ፈቃድ ግን የላቸውም። ምክር የምትጠይቁት ጠበቃን ወይም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ነው። ማንም ቢሞላው የምትፈርሙት እናንተ ናችሁና ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መልስ በሚገባችሁ ቋንቋ አስነብቡ።

እዚያው ቀይራችሁ ከተፈቀደላችሁ አይ-797 የሚባል የፈቃድ ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ግርጌው ላይ አዲሱ አይ-94 አለ። ስሙንና ስታተሱን አረጋግጡ፣ ኮፒ አድርጉ፣ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ አሳውቁ፤ ሴቪስ ላይ መመዝገባችሁን የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። ሥራ ካሰባችሁ ትምህርት ሲኖር ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው፤ እሱንም ቢሆን ቢሮውን ጠይቃችሁ ጀምሩ።