ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ ጋር እንዴት እንሰነባበት?

ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የመጣ እንግዳ የምታስጎበኙ፣ አንኮበር እንግዳ የምታሳርፉ፣ ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ከውጭ ሰው ጋር በስልክ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰላምታውን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። የሚቸግረው ስንብቱ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲነሳ «ኧረ ቁጭ በሉ፣ ምን አጣደፋችሁ» ይባላል፣ ከዚያ እስከ መንገድ ይሸኛል፣ «ደህና ሰንብቱ» ከተባለ በኋላም ወሬው አያልቅም። እነሱ በአንድ «ባይ» ዘወር ሲሉ ታዲያ ሰው ቅር ይለዋል። ቅር አይበላችሁ። ስንብታቸው የሚጀምረው ከ«ባይ» ቀድሞ ነው።

ምልክቱን ልብ በሉ። እንግዳው «ዌል» ወይም «ኤኒዌይ» ወይም «ራይት» ብሎ ትንሽ ዝም ካለ፣ እኛ «እንግዲህ» ብለን ወደ መነሳቱ እንደምንሄደው ነው። ቀጥሎ «አይ ሹድ ጌት ጎይንግ» (ልነሳ መሰለኝ) ይላል። በስልክ ደግሞ «አይል ሌት ዩ ጎ» (እንግዲህ ልልቀቅህ) ይላችኋል፤ ለእናንተ ሥራ ያዘነ ይመስላል እንጂ ንግግሩን ልጨርስ ማለቱ ነው። «ኧረ ምንም ሥራ የለኝም» ብላችሁ ወሬ አትቀጥሉበት። «ኦኬይ፣ ታንክ ዩ ፎር ኮሊንግ» በሉና አብራችሁት ዝጉ። ቤታችሁ የመጣ ከሆነም «ቁጭ በል» አንዴ ይበቃል፣ ሦስቴ ከሆነ ይጨነቃል።

ከዚያ ምስጋና ይመጣል። በዚያው ቀን የተዋወቃችሁት ከሆነ ስትገናኙ «ናይስ ቱ ሚት ዩ»፣ ስትለያዩ «ናይስ ሚቲንግ ዩ» ነው። ድሮ የምታውቁት ከሆነ ግን «ሚት» ይቀርና «ኢት ዋዝ ጉድ ቱ ሲ ዩ» ትላላችሁ።

የመጨረሻው ቃል ራሱ ቀላል ነው። «ባይ» ለሁሉም ይሆናል። «ጉድባይ» ከበድ ይላል፤ አገሩ ለሚመለስ ሰው ጥሩ ነው፣ ነገ ጠዋት ለምታገኙት ሰው ግን ይበዛል። «ፌርዌል» የጽሑፍ ቃል ነው፣ በአፍ አትበሉት። «ቺርስ» እንግሊዞች ለምስጋናም ለስንብትም ይሉታል፣ አሜሪካኖች ግን የሚያውቁት ብርጭቆ ሲያነሱ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ «ሃቭ ኤ ጉድ ዋን» (መልካም ቀን ይሁንልህ) ይወዳሉ። «ቴክ ኬር» (ራስህን ጠብቅ) ስትባሉ ማስጠንቀቂያ እንዳይመስላችሁ፣ የወዳጅነት ነው። ጣርማበርን አልፎ በጉም ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ እንግዳ «ሃቭ ኤ ሴፍ ጆርኒ» (በሰላም ግባ) በሉት፣ ደስ ይለዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጉድ ናይት» ላይ ነው። ማታ ስትገናኙ «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው፣ ስትለያዩ «ጉድ ናይት»። እኛም እኮ «እንዴት አመሸህ» እና «ደህና እደር» አንቀላቅልም። እራት ሊበላ ለገባ ሰው «ጉድ ናይት» ካላችሁት እያሰናበታችሁት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ሲ ዩ ሌተር» ቀጠሮ አይደለም። ማታ ይመጣል ብላችሁ እራት አታቆዩ፣ ዳግም የማታገኙት ሰው እንኳ ሊላችሁ ይችላል። «ዊ ሹድ ጌት ኮፊ ሳምታይም» (አንድ ቀን ቡና እንጠጣ) የሚለውም ቀን እስኪቆረጥለት ድረስ መልካም ምኞት ነው። እውነት መገናኘት ከፈለጋችሁ እዚያው «ሃው አባውት ሳተርዴይ?» (ቅዳሜ ቢሆንስ?) በሉት፣ መልሱ ይነግራችኋል። «ሲ ዩ ቱሞሮው» ግን ቁርጥ ነው፣ ሰዓት ከተጨመረበት ደግሞ እዚያው አጣሩ። «ሲ ዩ አት ሲክስ» ያለ እንግዳ ጠዋት ከሆነ በእኛ 12 ሰዓት ነው የሚጠብቃችሁ። አስጎብኚው በ6 ሰዓት ቢመጣ እንግዳው ግማሽ ቀን ቆሞ ሊውል ነው። ስለዚህ «ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትለያዩ።

መንዝ ላይ አንዲት እናት እንግዳውን «በሰላም ያግባህ፣ ደግሞ ያገናኘን» እያሉ ሲመርቁት፣ እናንተ በአንድ «ባይ» አትቁረጡባቸው። «ሺ ኢዝ ብሌሲንግ ዩ» (እየመረቁህ ነው) በሉት፣ እሱም ቆሞ ይቀበላል። የእሳቸውን ምርቃት ለማሳጠር ብሎ እንግሊዝኛ መማር አያስፈልግም። ለመተቃቀፉና ለመሳሳሙ ግን እንግዳው ይጀምር፣ ብዙዎቹ መጨበጥ ይበቃቸዋል።

በጽሑፍ ከሆነ፣ በእንግሊዞቹ ወግ ደብዳቤው በሰው ስም ከጀመረ መዝጊያው «ዮርስ ሲንሲርሊ»፣ «ዲር ሰር» ብሎ ያለ ስም ከጀመረ «ዮርስ ፌዝፉሊ» ነው። ለዘወትር ኢሜይል «ካይንድ ሪጋርድስ» ይበቃል። «ላቭ» ብላችሁ የምትዘጉት ለዘመድና ለቅርብ ወዳጅ ብቻ ነው፣ ለሥራ ሰው አትጻፉት።