ጎማ ሊወልቅ ሲል፦ ሐረጎን ለሚወርዱና ከኮምቦልቻ ለሚጭኑ

የጭነት መኪና ረዳት በነበርኩ ጊዜ ጎማ የማየት ሥራዬ ይቺ ነበረች። መኪናው ሲቆም እዘላለሁ፣ ጎማውን በብረት ቋ ቋ አደርጋለሁ፣ «ሰላም ነው ጋሼ!» ብዬ እሳፈራለሁ። ድምፁ ነፋስ መኖሩን ይነግረኛል። ስለ ዳዶው፣ ቡሎኑ ላይ እየዞረ ጎማውን ስለሚያጠብቀው ብረት፣ ግን ምንም አይነግረኝም። አንድ ቀን ደሴ ላይ ጎማ አስቀይረን ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ስንወርድ አንድ ጎማ በጎናችን አልፎን ቁልቁል ሄደ። «የማን ነው?» አለ ሹፌሩ። የኛ ነበር።

አጥር ጥሶ እርሻ ውስጥ ቆመ። እረኛም መንገደኛም አልነበረም። ከነቸርኬው፣ ጎማው ከሚገጠምበት ክብ ብረት ጋር፣ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር ነው። ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ እንዲህ ቀለል አድርጌ አላወራውም ነበር።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ20 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ መውረድ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ፍሬኑ የሚይዘው ታምቡር ይግላል፣ ሙቀቱ ቸርኬው ወደሚታሰርበት እምብርት፣ ወደ ሞዞው፣ ይሄዳል። የላላ ነገር ካለ እዚህ ይጋለጣል። መላላቱ ግን ቀደም ብሎ ጎሚስታው ጋ ነው የሚጀምረው።

ምልክት፦ ቀስ ሲል ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሲፈጥን ወንበሩ ይንቀጠቀጣል

መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊት ጎማን ጠርጥሩ። መሪው ሰላም ሆኖ ወንበሩና የጭነቱ ካሶኒ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ወደ ኋላ ጎማ ሂዱ። መንገዱ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጥሩ አስፋልት ላይም ካልተወ መንገዱ አይደለም።

ብዙ ሰው ጎማውን ቡሎኑ ተሸክሞት የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ በጥቂቱ ይሳባል፣ ልክ እንደ ተወጠረ ገመድ። ያ ውጥረት ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ጎማውን ይዞ የሚሄደው የሁለቱ ብረት መጣበቅ ነው። በመሃላቸው ጭቃ፣ ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም ካለ፣ ያ ነገር በጉዞ ላይ ይፈጫል። ስስ ወረቀት የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች፣ ውጥረቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ቸርኬው ቡሎኑን መቀጥቀጥ ይጀምራል። ቡሎን ደግሞ ለመወጠር እንጂ ለቅጥቀጣ አልተሠራም። አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተርፋል፣ ሌሎቹም በየተራ ይከተላሉ።

መፍትሄው ጋራዥ እስክትደርሱ መታገስ አይደለም። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ ዳዶውን ሁሉ ፈትሹ። የቸርኬው ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ ወይም ዙሪያው እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያበራ ከሆነ ማጥበቅ አያድነውም። ቸርኬው ይቀየራል። አንድ ቡሎን ከተበጠሰ ግራና ቀኙ ያሉትንም ቀይሩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉንም።

ምልክት፦ ከዳዶው ሥር የዛገ እንባ

ከዳዶው ጀምሮ ወደ ቸርኬው ዳር የሚሄድ ቡናማ መስመር ካያችሁ ዳዶው እየተንቀሳቀሰ ነው። ውሃ ይገባል፣ ብረቱ ይፋተጋል፣ ዝገቱ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። መኪና አጣቢዎቻችን ጎበዞች ናቸውና ይህን ምልክት ጥርግ አድርገው ያጠፉላችኋል። ስለዚህ ከእጥበት በፊት እዩት።

አጥብቃችሁ ስትጨርሱ ዳዶውንና ቸርኬውን የሚያገናኝ መስመር በቀለም ስሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የተጠቀምኩት የእህቴን የጥፍር ቀለም ነው። ሳቁብኝ፣ ግን ሠርቷል።

ምልክት፦ ጎማ ከተቀየረ በኋላ የሚመጣ መላላት

የኛም ጣጣ ይሄ ነበር። ጃፓንም ቢሆን ብዙው የከባድ መኪና ጎማ መውለቅ የሚደርሰው ጎማው ከተፈታ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ነው። የተፈታ ጎማ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ቦታውን እስኪለምድ ይደላደላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ከሆነ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሻይ ስትጠጡ አንዴ እዩት፣ ትንሽ አልፋችሁ ደግማችሁ አጥብቁት። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ከሚሴ 50 ገደማ ነው፣ ልክ ነው።

ስታጥብቁ ዙሪያውን ተከትላችሁ አትሂዱ። አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን፣ እንዲያ በመስቀል። ከማሰራችሁ በፊት ሞዞውንና ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ጎሚስታው «ችግር የለውም፣ አብሽር» ቢላችሁም ጥረጉ።

አሮጌዎቹ አይሱዙዎች ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በግራ በኩል ያለው ዳዶ ጥርሱ ግራ ዞር ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። አዲስ ረዳት እፈታለሁ ብሎ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ ቱቦ ጨምሮ ይበጥሰዋል። ሁለተኛ፣ ጥንዱ የኋላ ጎማ በሁለት ዳዶ ነው የሚታሰረው። የውስጡን ጎማ የሚይዘው የውስጡ ዳዶ ነው፣ የውጩ ዳዶ በላዩ ይመጣል። የውጩን ብቻ እያጠበቃችሁ የውስጡ ላልቶ ሊሄድ ይችላል። ለማየት የውጩን አንድ እያለፋችሁ አላሉ፣ የውስጡን አጥብቁ፣ የውጩን መልሱ፣ ከዚያ የቀሩትን እንደዚያው። አሰልቺ ነው። እኔም አልወደውም።

ምልክት፦ «እሺ እያጠበቅን ነው» ግን ቡሎን ይበጠሳል

ከመጠን በላይ እየጠበቀ ነው። ባለ 10 ቡሎን የሆኑ ብዙ ከባድ መኪኖች፣ 22 ሚሊሜትር ቡሎን ያላቸው፣ የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። በቀላሉ ሲታሰብ 60 ኪሎ ሰው አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ያን ያህል ነው። እኛ ጋ ግን ሁለት ጎረምሳ ሜትር ተኩል ቱቦ ላይ ይዘላል። 70፣ 70 ኪሎ ብትሏቸው፣ ሳይዘሉ እንኳ ከ2,000 ያልፋል። ቡሎኑ ከልኩ በላይ ተስቦ ይቀጥናል፣ እንደ ለቀቀ ላስቲክ ውጥረቱን አይመልስም። ጥብቅ ይመስላል፣ ግን ሞቷል። ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ከሌለ የቱቦውን ርዝመትና የሰውየውን ኪሎ ቁጠሩ።

ምልክት፦ አንዱ ሞዞ ከሌላው ይበልጥ ይግላል

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሁሉም ይግላል። የምትፈልጉት ልዩነቱን ነው። እጃችሁን ሳታስነኩ ጠጋ አድርጉ፣ ግራና ቀኙን አስተያዩ። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይ ሞዞው የሚዞርበት ኩሽኔታ እየተበላሸ ነው። ግራሶ ወደ ውጭ ከረጨ ወይም ጎማው ሲዞር የሚፈጭ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ነው። በክሪክ አንሱት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ኳ ካለ አትነሱ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል።

ሁልጊዜ ጥፋቱ የሹፌር ነው ማለት ግን አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ዮኮሃማ ውስጥ ከሚትሱቢሺ ከባድ መኪና የወለቀ ጎማ አንዲት እናት ገድሏል። አምራቹ ጥገና ጎድሎ ነው ሲል ቆየ። በ2004 ግን ሞዞው ራሱ ችግር እንዳለበት አምኖ መኪኖቹን ለጥገና ጠራ። ጎማ በተፈታ ቁጥር የሞዞውን የቡሎን ሥር በደንብ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ስንጥቅ ካለ አይበየድም።

ምልክት፦ ሁሉም ተቀይሯል፣ ግን በየወሩ ይመለሳል

እንግዲህ ወደ ማንወደው ነገር መጣን። ባሌስትራ፣ ከሥር ሸክሙን የሚሸከመውን የተደራረበ ብረት፣ ጨምራችኋል? ስፖንዳ፣ የካሶኒውን ግድግዳ፣ አስረዝማችኋል?

ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው አይጎብጥም። ስለማይጎብጥ የቻለው ይመስላል። ግን አክስሉ ያው ነው፣ ኩሽኔታው ያው፣ ቡሎኑ ያው፣ ፍሬኑ ያው። መጉበጡ «በዛብኝ» የሚል ምላሱ ነበር፣ እሱን ነው የቆረጣችሁት። ሸክሙም አልጠፋም፣ ወደ ቀጭኑ ነገር ወረደ። ከመንገዱ የሚመጣው ምት ደግሞ በደነደነው ባሌስትራ በኩል ሳይለዝብ ሞዞው ላይ ያርፋል። መፍትሄው አንድ ነው፣ የተጨመረውን አውጥቶ መኪናው በተሠራለት ኪሎ መጫን። ባለንብረቶች ይህን ስል ፊታቸውን ያዞራሉ።

ጎማው ወደ ውጭ ወጣ እንዲል በሞዞና በቸርኬ መሃል ብረት የሚያስገቡም አሉ። ወጣ ባለ ቁጥር ኩሽኔታውን የሚጠመዝዘው ኃይል ይጨምራል፣ ዳዶውም የሚይዘው ጥርስ ያንሰዋል። አውጡት። የተሰነጠቀ ቸርኬ ማስበየድ ከሁሉ የከፋ ነው። ነፋስ እንዳለው ከተበየደ ደግሞ ጎማው ይፈነዳል፣ በያጁን ይገድላል።

ወልቆ ከሄደስ?

ከጥንዱ አንዱ ከሆነ ላይታወቃችሁ ይችላል፣ እኛም ያወቅነው ሲያልፈን ነው። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፣ በማርሽ አቀዝቅዛችሁ ዳር ውጡ። ከሌላው ጎማ አንድ አንድ ዳዶ ለቅማችሁ አስራችሁ ለመሄድ አትሞክሩ። ያን ቀን እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ዳዶ ካዋሱት ጎማዎች አንዱ ላልቶ አገኘነው።