ሕፃኑ «አጉ» ሲል መልሱለት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ይውላል። ሙቀቱ ጥሩ ነው። ግን ጀርባ ላይ ሆኖ የእናቱን ፊት አያይም። ስለዚህ በቀን ደጋግማችሁ አውርዱትና ፊት ለፊት ያዙት። «አጉ» ሲል «ምን አልክ የኔ ጌታ?» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። እግሩን ያወራጫል፣ አፉን ያሞጠሙጣል፣ ከዚያ ይመልሳል። የመጀመሪያ ጨዋታችሁ ይኼ ነው። አንጎሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በጣም በፍጥነት ስለሚያድግ ይህን ምልልስ አትናቁት።

አባቶችም፣ ከሥራ ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና እቀፉት። «ገና ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል» አትበሉ። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሳ ቃሉ ባይገባውም ድምፁ ያስደነግጠዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ለቅሶው አልቆም ብሎ ትዕግሥታችሁ ካለቀ በፍጹም እንዳትነቀንቁት። አንጎሉ ሊጎዳ፣ ሊሞትም ይችላል። በጀርባው አስተኙትና ጥቂት ደቂቃ ወጣ ብላችሁ ተንፍሱ። አያት ወይም የምታምኗት ጎረቤት ካለችም «እስኪ ትንሽ ያዢልኝ» በሏት። ትኩሳት ካለው ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።