ምስጋናውን ለአለቃቸውም ጻፉላቸው

ነርስ፣ የጽዳት ሠራተኛ ወይም መምህር ከልቡ ሲያገለግላችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ደግ ነው፤ ግን እዚያው ይቀራል። ለቅርብ ኃላፊውም ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስም፣ ቀን፣ የሥራ ክፍል፣ ከዚያ የሆነውን በትክክል። «ጎበዝ ናት» ከሚል ይልቅ «እናቴ መርፌ ፈርታ ስትንቀጠቀጥ እጇን ይዛ አረጋጋቻት» የሚለው ክብደት አለው። ቢሮ በጽሑፍ የሚገባው ባብዛኛው አቤቱታ ነው፤ የቃል ምስጋና አለቃ ጆሮ አይደርስም። የተጻፈው ግን ከግል ማኅደሩ ጋር ሊያያዝ፣ ለዕድገት ሲወዳደርም ሊጠቅመው ይችላል። ስሙን ካላወቃችሁ ሰዓቱንና ቦታውን ጥቀሱ፤ ተረኛው ማን እንደነበር እነሱ ያውቃሉ።

እናንተን ለመርዳት ደንብ ያላላ ሰው ከሆነ ግን አትጻፉ፤ ሳታስቡት ታስጠይቁታላችሁ። እሱን ለብቻው አመስግኑት።